የካርቡሬተር ጉድለት እንዴት ይመረመራል?

ካርቡሬተር በቤንዚን የሚሠራ ሞተር የሚመገበውን ቤንዚንና አየር መጥኖ የሚያደባልቅ መሣሪያ ነው። አየር በጠባቡ ጉሮሮው ውስጥ በፍጥነት ሲያልፍ ግፊቱ ይቀንሳል፤ በዚህም ምክንያት ቤንዚን ከማጠራቀሚያው በቀጭን ቀዳዳ እየተሳበ ወጥቶ ከአየሩ ጋር ይደባለቃል። አንድ እጅ ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል በክብደት 15 እጅ ያህል አየር ያስፈልገዋል። የፈጣን መኪና ሞተር ግን ሙሉ ኃይሉን በሚሰጥበት ጊዜ ለ13 እጅ አየር አንድ እጅ ያህል ቤንዚን ይፈልጋል። ዛሬ በአዳዲስ መኪናዎች ላይ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ ቢተካውም፣ በብዙ አሮጌ መኪናዎች ላይ ካርቡሬተር አሁንም ይገኛል።

የአየሩ መጠን ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ድብልቁም ይለወጣል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስትገኝ፣ የሱዳን ከተማ የገዳሪፍ ከፍታ ግን 600 ሜትር ገደማ ነው። መንደር 8 የተባለው ሠፈርም የሚገኘው በዚሁ በገዳሪፍ ግዛት ቆላ፣ ለኢትዮጵያ ድንበር ቀረብ ብሎ ነው። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ቤንዚን እንዳይበዛ መካኒኩ የካርቡሬተሩን ቀዳዳ በጠባብ ይለውጠዋል። ይኸው መኪና ወደ መንደር 8 ሜዳ ቢወርድ ይበልጥ የታመቀ አየር ስለሚያገኝ ቤንዚኑ ያንሰዋል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲነዳ ከልክ በላይ ይግላል፤ ሲብስም ፒስተኑ ቀልጦ እስከ መበሳት ይደርሳል።

በሜዳው ላይ ሌሎች ችግሮችም አሉ። ጥቁሩ የዋልካ አፈር በበጋ ሲደርቅ አቧራው የአየር ማጣሪያውን ይደፍናል፤ ያን ጊዜ በተቃራኒው ቤንዚን ይበዛል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚሆንባቸው ወራት ደግሞ ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ወደ እንፋሎት ተለውጦ መንገዱን ሊዘጋ ይችላል። ሞተሩ በድንገት ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ማንም ሳይነካው ይነሣል።

ስለዚህ ብልህ መካኒክ ካርቡሬተሩን ለመፍታት አይቸኩልም፤ አስቀድሞ ካንዴላውን ነቅሎ ይመለከታል። ካንዴላው ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነውና ማጣሪያውንና የማጠራቀሚያውን ተንሳፋፊ ይመረምራል። ከነጣ ቤንዚን አንሷል ማለት ነው፤ ቀዳዳው መደፈኑን፣ አየር በስንጥቅ መግባቱን፣ መኪናው ከየት እንደ ወረደም ይጠይቃል። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ግን ድብልቁ ደህና ስለሆነ ጉድለቱን በኤሌክትሪኩ ወይም በቱቦው በኩል ይፈልጋል። አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ሳይፈትን ወደ ሌላው አያልፍም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ሞተር ግን በሽታውን አይደብቅም፤ የሚሳሳተው ምልክቱን ሳያይ መፍቻ የሚያነሣ ሰው ነው።

መልመጃ

ሀ. በምንባቡ መሠረት ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።
1. ለደጋ የተስተካከለ ካርቡሬተር በቆላ ምን ጉዳት ያስከትላል? ምክንያቱስ ምንድን ነው?
2. ሞተሩ የጠፋው በእንፋሎት ምክንያት መሆኑ በምን ሊታወቅ ይችላል?
3. መካኒኩ ሁለት ነገሮችን ባንድ ጊዜ ቢለውጥ ምን ሳያውቅ ይቀራል?

ለ. የሚከተሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር አስገቡ።
መጠነ፣ ታመቀ፣ ደፈነ፣ ጥቀርሻ