የኮረሪማ መዓዛና የዝንጅብል ማቃጠል

ኮረሪማ፣ ዝንጅብል፣ እርድና ሄል በዕፅዋት ምደባ ዚንጂቤራሴ የሚባል የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ኮረሪማ የአገራችን ተወላጅ ሲሆን፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ጥላ ሥር ይበቅላል። ከእነዚህ ተክሎች በእንፋሎት ተነጥሮ የሚገኘው መዓዛማ ዘይት ከምን ከምን የተሠራ ነው? ጥያቄው የኬሚስቶች ቢሆንም የመልሱ እኩሌታ ፊዚክስ ስለሆነ፣ ወደ ጎረቤቶቻችን ጓዳ ገባ ብንል ቅር የሚሰኙብን አይመስለንም።

የዘይቱ ዋነኛ ክፍሎች ተርፒን የሚባሉ ውሁዶች ናቸው። ተርፒኖች አምስት አምስት ካርቦን ካላቸው ክፍልፋዮች የተገጣጠሙ መሆናቸውን ካሳወቁት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1910 እና በ1939 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ኦቶ ቫላህና ሊዮፖልድ ሩዢችካ ይገኛሉ። ሁለት ክፍልፋዮች ሲገጣጠሙ ባለ 10፣ ሦስት ሲገጣጠሙ ባለ 15 ካርቦን ሞለኪውል ይሆናል። በኮረሪማ ፍሬ ዘይት ውስጥ ጎልቶ የሚታየው ሲኒዮል ባለ 10 ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲታጠን አፍንጫን የሚከፍተውም ይኸው ሲኒዮል ነው። አብሮት የሚገኘው ኔሮሊዶል ግን ባለ 15 ነው። በሄል ዘይት ውስጥ ከሲኒዮል ጎን የሚቆመው ተርፒኒል አሲቴት ነው። ስለዚህ ኮረሪማን «የኢትዮጵያ ካርዳሞም» ማለት ያስኬድ እንደሆነ እንጂ፣ ሄል ነው ማለት አያስኬድም። የዝንጅብል ዘይት በዚንጂቤሪን፣ የእርድ ደግሞ በተርሜሮኖች ይታወቃል።

አሁን ወደ እኛው ቤት እንመለስ። የሲኒዮል ነጥበ ፍሌት 176 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ታዲያ ከ100 ዲግሪ በታች ከእንፋሎት ጋር እንዴት ይወጣል? ውኃና ዘይት አይዋሃዱምና እያንዳንዳቸው ሌላው እንደሌለ ሆነው የየራሳቸውን የተን ግፊት ያዋጣሉ፤ የሁለቱ ድምር ከከባቢ አየር ግፊት ጋር እኩል ሲሆን ድብልቁ ይፈላል። ስለዚህ ድብልቁ ከውኃም ቀድሞ ይፈላል ማለት ነው። ውኃ ብቻውን 92 ዲግሪ ገደማ በሚፈላባት በአዲስ አበባ ደግሞ ሙቀቱ ከዚያም ዝቅ ይላል።

ወደ 100 ዲግሪ ሲቃረብ የሲኒዮል የተን ግፊት የአንድ አትሞስፌር አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ስለዚህ ለአንድ የሲኒዮል ሞለኪውል ዘጠኝ ያህል የውኃ ሞለኪውሎች አብረው ይወጣሉ። የሲኒዮል ሞለኪውላዊ ክብደት 154፣ የዘጠኙ ውኃ ደግሞ 162 ነው። በቁጥር አናሳ የነበረው ዘይት በሚዛን ሲታይ ከውኃው ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም! በተግባር ግን ዘይቱ በፍሬው ሕዋሳት ውስጥ ታምቆ ስለሚቆይ ብዙ እጥፍ እንፋሎት ያስፈልጋል።

ባለ 15 ካርቦኖቹ ከዚህ እጅግ ያነሰ የተን ግፊት ስላላቸው ወደ ኋላ ይቀራሉ። አረቄ የሚያወጡ እናቶች የመጀመሪያው ጠብታና የመጨረሻው አንድ እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ እዚህም እንደዚያው ነው። ቶሎ የተቋረጠ ንጥረት ሲኒዮል የበዛበት ዘይት ይሰጣል፤ ረጅሙ ኔሮሊዶልንም ይጨምራል። ስለዚህ አንድ የመቶኛ ሠንጠረዥ የተክሉ ብቻ ሳይሆን የማንጠሪያውም ታሪክ ነው። ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከሁለት ደኖች የተሰበሰበ ኮረሪማ ለዘር ቢወዳደርና አንዱ ለአንድ ሰዓት፣ ሌላው ለአራት ሰዓት ቢነጠር፣ በምድጃው ላይ የተፈጠረውን ልዩነት ለተክሉ ሰጥተን መልካሙን ዘር ልንጥል እንችላለን። የንጥረት ጊዜው ያልተጻፈበትን ሠንጠረዥ ከሌላ ጋር ባናወዳድር እንመርጣለን።

ጨርሶ የማይወጣም አለ። ዝንጅብልን የሚያቃጥል የሚያደርገው ጂንጀሮል ሞለኪውላዊ ክብደቱ 294 ሲሆን፣ በእንፋሎት አይነሳም ቢባል ይቻላል፤ ከዝቃጩ ጋር ይቀራል። የእርድን ቢጫ ቀለም የሚሰጠው ኩርኩሚንም እንደዚሁ ነው። ዝንጅብል ሲደርቅ ከጂንጀሮሉ ከፊሉ የውኃ ሞለኪውል አጥቶ ይበልጥ ወደሚያቃጥለው ሾጋኦል ይለወጣል። መዓዛውንና ማቃጠሉን አንድ ላይ የሚፈልግ ሰው እንፋሎትን ትቶ እንደ ኢታኖል ባለ አሟሚ ይጠቀማል።

ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። የተወቀጠ ዝንጅብል በድስት ውስጥ ሳይንተከተክ በዝግታ ይፍላ፤ ቀዝቃዛ ክዳን ይደፋበት። ከክዳኑ ሥር የተጠራቀመው ጠብታና የድስቱ ፈሳሽ ከቀዘቀዙ በኋላ በየተራ ይቀመሱ። ጠብታው ዝንጅብል ዝንጅብል ይሸታል፤ ምላስን የሚያቃጥለው ግን የድስቱ ነው።