ስልካችንና ጆሮ ጠቢው



ሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 12 ሐሜትን ይከለክላል። ከሐሜቱ አስቀድሞ ግን ተጀሱስን፣ ማለትም የሰውን ገበና መሰለልን ይከለክላል። ስለ ሐሜቱ ብዙ ዳዕዋ ሰምተናል። ስለ ስለላው የሰማሁት ጥቂት ነው።

ዑለሞች ስለ ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) የሚተርኩት አለ። በሌሊት ሲዘዋወሩ ድምፅ ሰምተው አጥር ዘለው ገቡ፤ ሰውየውንም መጠጥ ይዞ አገኙት። እሱም እኔ አንድ ጥፋት ባጠፋ እርስዎ ሦስት አጠፉ ብሎ ተከራከራቸው፦ ሰለሉ፣ በበር አልገቡም፣ አላስፈቀዱም። አሚረል ሙእሚኒንም ትተውት ወጡ። እንግዲህ «ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?» ለሚሉን መልሱ እዚህ አለ። ያ ሰው ንጹሕ አልነበረም፤ አጥሩ ግን የተከበረ ነበር።

የሀገራችን ሕግም ይህን አልካደም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ቤትን፣ ደብዳቤንና የስልክ ንግግርን ያስከብራል። ሆኖም በ2001 የወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ 652 በፍርድ ቤት ፈቃድ ስልክ እንዲጠለፍ ፈቀደ። ከዚያ የባሰው አንቀጽ 23 ነበር፦ የደኅንነት ሪፖርት ምንጩና የተገኘበት መንገድ ባይገለጽም ማስረጃ ይሆናል አለ። ምንጩ ያልታወቀን ወሬ ተከሳሽ በምን ያስተባብለዋል?

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከአወሊያው ተቃውሞ በኋላ የኮሚቴው አባላት በሐምሌ 2004 ታሰሩ። በጥር 2005፣ ገና ጉዳያቸው በችሎት ሳለ፣ በእስር ሆነው የሰጡት ቃል «ጅሃዳዊ ሐረካት» በተባለው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ጥፋተኛ የተባሉት በዚሁ አዋጅ በ2007 ነው።

ጆሮ ጠቢው ዱሮ አጥር ሥር ይቆም ነበር። አሁን አጥሩን መዝለል አያሻውም። የካናዳው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳጋለጠው፣ የጣሊያኑ ሐኪንግ ቲም የሠራው የስለላ ፕሮግራም በውጭ ላሉ የኢሳት ጋዜጠኞች ተልኮ ነበር። ተራ ሰነድ መስሎ ይመጣል፤ ከተከፈተ የይለፍ ቃልና ፋይል ይለቅማል።

በመካነ ሰላም ቡና ላይ የተቀመጡ አንድ ሐጂ ወሬ ከመጀመራቸው በፊት «ልጄ፣ ያንን ስልክህን ወዲያ በል» አሉኝ። አንቱ ደግሞ ማን ይሰማዎታል ብላቸው ሳቁ እንጂ አልመለሱልኝም። የሚያወሩት ስለ ማዳበሪያ ነበር! (እኛስ ብንሆን የሰውን የግል መልእክት ፎቶ እያነሳን በቴሌግራም የምናሰራጨው በየትኛው ፈትዋ ነው?)

አዋጅ 652 በ2012 በአዋጅ 1176 ተተክቷል፤ በ2016ም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321 ወጥቷል። መልካም ነው። የጠለፋ ፈቃድ ሲጠየቅ ግን ስልኩ የሚጠለፍበት ሰው ችሎት ፊት አይቀርብም፤ ሊቀርብም አይችልም። ስለዚህ ምርመራው ሲያበቃ መጠለፉ ይነገረው፣ አቤት የሚልበትም ቦታ ይኑረው ብለን እንደራሴዎቻችንን መጠየቅ እንችላለን።