ያነከሰ ፈረስ ገበያ አይወጣም

«ጎሮ አካባቢ በጋሪ የምተዳደር ሰው ነኝ። ዳማ ፈረሴ 16 ዓመት ሆኖታል፤ ሰሞኑን በፊት ግራ እግሩ ያነክሳል። ባጃጁም ሥራውን ወስዶታል። አንድ ነጋዴ በርካሽ ልግዛው ይለኛል፤ ባለቤቴ ደግሞ ‹ሜዳ ላይ ልቀቀው፣ የራሱን ይብላ› ትላለች። ምን ይሻለኛል?»
ባለ ጋሪው

ወንድሜ፣ ፈረስ የሚሸጠው ገና ብርቱ ሳለ ነው፤ ካነከሰ በኋላ ግን ባይሸጡት እመክራለሁ። ብዙ ሰው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ እስከሠራ ድረስ ይይዘዋል፣ ሲደክም ገበያ ያወጣዋል። ዋጋው ሲወርድ ግን ገዢውም ይለወጣል። ጤነኛ ፈረስ በደህና ዋጋ የገዛ ሰው ገንዘቡ የሚመለስለት ፈረሱ ዓመታት ከሠራለት ነውና ይንከባከበዋል። አንካሳውን በርካሽ የወሰደ ግን በጥቂት ወራት ሥራ ያወጣዋል፤ ከዚያ ቢሞትበትም አይከስርም። ሰውየው ክፉ መሆን አያስፈልገውም፣ ሒሳቡ ራሱ ወደዚያ ይወስደዋል። በአንዳንድ አገር የፈረስ የመጨረሻ ገዢ ቄራ ነው። እኛ ዘንድ የፈረስ ሥጋ አይበላም፤ ቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራም በ2009 ዓ.ም. በሕዝብ ተቃውሞ ተዘግቶ ነበር። ይከፈት እያልኩ አይደለም። ነገር ግን መጨረሻውን የሚረከብ ስለሌለ ፈረሱ እየረከሰ ከእጅ ወደ እጅ ይዞርና መንገድ ዳር ይጣላል። ነገሥታቱን አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያለ በፈረስ ስማቸው ለጠራ ሕዝብ ይህ አያምርበትም።

ስለዚህ ሽያጩን ያቆዩትና ለምን እንዳነከሰ ይወቁ። በሶምሶማ ሲሄድ ራሱን ልብ ብለው ይዩ፤ የታመመው የፊት እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሳል። ሰኮናው ውስጥ ምስማር ገብቶ ወይም መግል ቋጥሮ ከሆነ በሕክምና የመዳን ተስፋ አለው። መገጣጠሚያው ተበላሽቶ ከሆነ ግን አስፋልት ላይ ጋሪ እየጎተተ አይሻለውም። ጥርሱንም ያስዩ። ፈረስ በ5 ዓመቱ ገደማ ጥርሱ ይሞላል፣ ከዚያ ወዲያ እያለቀ ይሄዳል፤ ድርቆሹን አኝኮ አኝኮ ጠቅልሎ የሚተፋ ከሆነ የሚከሳው በረሃብ ብቻ አይደለም፣ ማኘክ ስላቃተው ነው። እነዚህን የሚመረምር የእንስሳት ሐኪም በወረዳዎ ይጠይቁ። ካልሆነም ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ እንዳይነዱት እንጂ።

የባለቤትዎ ሐሳብ ከርኅራኄ የመጣ መሆኑ ይገባኛል። ግን የትኛው ሜዳ? ጎሮም ቦሌ አራብሳም በፊት ግጦሽ የነበረው ዛሬ ኮንዶሚኒየም ነው። የተለቀቀ ፈረስ የሚያገኘው የቆሻሻ ክምርና ፌስታል ነው፤ ቀን መኪና፣ ማታ ጅብ ይጠብቀዋል። ሲቀለብ የኖረ ፈረስ የራሱን ፈልጎ ለመብላት ሊቸገር ይችላል፤ ያነከሰው ደግሞ ከጅብ አያመልጥም።

«ታዲያ ሳይሠራ ልቀልበው?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በደንብ የተያዘ ፈረስ 25 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል፤ 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ድርቆሽ ይፈልጋል። በጋሪ የሚያድር ቤተሰብ ይህን ለዓመታት ይሸከም ብዬ አልፈርድም። እግሩ ከዳነ ለከባድ ጋሪ ሳይሆን ለቀላል ሥራ ለሚፈልገው ገበሬ ይስጡት፤ ሰንዳፋ አካባቢ ዘመድ ወይም የሚያውቁት ሰው ካለ ከማያውቁት ነጋዴ ይሻላል፣ ሄደውም ሊያዩት ይችላሉ። ከዋጋው የሚጎድልብዎት ካለ ይጉደል።

የማይድን ከሆነና ሕመሙ ከበረታበት ግን ሐኪም በመርፌ እንዲያሳርፈው እመክራለሁ። «ነፍስ ማጥፋት ኃጢአት ነው» የሚሉ ይኖራሉ፤ ስሜታቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን ለጅብ መተውም ሆነ ለማያውቁት ሰው ማስረከብ ያው ሞት ነው፣ ልዩነቱ ረጅም መሆኑና እርስዎ አለማየትዎ ብቻ ነው።

ነጋዴው ሐኪሙ ሳያየው ከመጣ መልስዎ «አልሸጥም» ይሁን። ወደፊት ሌላ ፈረስ ከገዙ ደግሞ 10 ወይም 12 ዓመት ሲሆነው፣ ሳያነክስና ሳይከሳ፣ ገዢውን መርጠው ይሽጡት።