የቡድን ባህልና የአምበልነት ሥልጣን፦ የ1954ቱ የኢትዮጵያ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን በንጽጽር ሲታይ

መግቢያ

አንድ ቡድን ሲያሸንፍ ምክንያቱን በተጫዋቾቹ ችሎታ፣ ሲሸነፍ ደግሞ በአሠልጣኙ ድክመት ማስረዳት የተለመደ ነው። ይህ አገላለጽ በሁለቱ መካከል ያለውን ነገር፣ ማለትም የቡድኑን ባህል፣ ይዘነጋል። ይህ አጭር ጽሑፍ ሁለት ቡድኖችን በማነጻጸር የቡድን ባህል ከአመራር ጋር ያለውን ግንኙነት ይመረምራል። የመጀመሪያው በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ሲሆን፣ ሁለተኛው በ1972 ዓ.ም. በአብዛኛው ከኮሌጅ ተጫዋቾች ተውጣጥቶ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘው የአሜሪካ የበረዶ ሆኪ ቡድን ነው። ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ጽንሰ ሐሳባዊ መነሻ

ኤድጋር ሻይን የድርጅት ባህልን በሦስት እርከን ከፍሎ ያየዋል፦ በዓይን የሚታዩ መገለጫዎች፣ በቃል የሚነገሩ እሴቶች፣ እና ማንም ሳይናገራቸው ሁሉም የሚኖርባቸው መሠረታዊ እምነቶች። መለያ፣ መዝሙርና መፈክር ከመጀመሪያዎቹ ሁለት እርከኖች አያልፉም። ሦስተኛው እርከን የሚታወቀው ቡድኑ ሲፈተን ብቻ ነው። አልበርት ካሮን በበኩሉ የቡድን ትስስርን በሁለት ይከፍለዋል፤ አንደኛው ለጋራ ግብ መተሳሰር፣ ሁለተኛው በማኅበራዊ ፍቅር መተሳሰር ነው። ሁለቱ አብረው ሊገኙ ቢችሉም አንዱ ሌላውን አያስገድድም። የማይዋደዱ ተጫዋቾች ለአንድ ግብ ሊተጉ፣ የሚዋደዱም ያለ ግብ ሊቀሩ ይችላሉ።

የ1954ቱ ቡድን

ኢትዮጵያ ከግብጽ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሥራች ናት። ይሁንና በ1949 ዓ.ም. በካርቱም በተካሄደው የመጀመሪያው ውድድር ፍጻሜ በግብጽ 4 ለ 0 ተሸንፋለች። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ፣ ግብጽ በተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ስም ስትወዳደር፣ ውጤቱ በድጋሚ 4 ለ 0 ሆነ። ሦስተኛው ውድድር ከጥር 6 እስከ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲካሄድ ቡድኑ የገጠመው ፈተና እንግዲህ የችሎታ ብቻ አልነበረም፤ የሽንፈት ትዝታም ጭምር ነበር።

የጨዋታዎቹ ሂደት ለትንተና ይጠቅማል። በግማሽ ፍጻሜው ኢትዮጵያ በቱኒዚያ 2 ለ 0 ከተመራች በኋላ 4 ለ 2 አሸነፈች። በፍጻሜውም ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። ግርማ ተክሌ የመጀመሪያውን አቻ ግብ ካስቆጠረ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ግብጾች እንደገና መሪነቱን ያዙ፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት 2 ለ 2 አደረገው። በተጨማሪው ሰዓት የአምበሉ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎና የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ባስቆጠሯቸው ግቦች ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ። አቻ በሆኑ በደቂቃ ውስጥ እንደገና መመራት ብዙ ቡድኖችን የሚበትን አጋጣሚ ነው። ይህ ቡድን ግን አልተበተነም።

የቡድኑ አባላት የመጡት ከአዲስ አበባ፣ ከአሥመራና ከድሬዳዋ ክለቦች ነበር። በሀገር ውስጥ ሻምፒዮና እርስ በርስ የሚፎካከሩ፣ በቋንቋና በአስተዳደግም የሚለያዩ ሰዎች ነበሩ። አምበሉ ሉቺያኖ በአሥመራ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ፣ ለድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር የሚጫወት ነበር።

ከፍጻሜው ጨዋታ በፊት ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የሚቀበለው ሰው ሌላ እንዲሆን፣ አምበልነቱም ከሉቺያኖ እንዲነሣ ግፊት እንደነበረና አቶ ይድነቃቸው ተሰማ እንዳልተቀበሉት በእግር ኳስ ታሪካችን ውስጥ ደጋግሞ ይነገራል። በመጨረሻም ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ነው። በሻይን አገላለጽ ይህ ሦስተኛው እርከን የተፈተነበት አጋጣሚ ነው። «ሁላችን አንድ ነን» ማለት እሴት ነው፤ ሹመቱን በትውልድ ምክንያት አለመንጠቅ ግን እምነት ነው።

የአቶ ይድነቃቸው አቋም የአንድ ቀን ውሳኔ እንዳልነበረ ሰፋ ያለው ታሪካቸው ያሳያል። በ1949ኙ ውድድር የደቡብ አፍሪካ ገዥዎች ነጮችና ጥቁሮች የተቀላቀሉበት ቡድን ለመላክ ፈቃደኛ ባለመሆናቸው ከውድድሩ ውጪ ተደርገዋል። አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው 1979 ዓ.ም. ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት ሲመሩ የአፓርታይድን ሥርዓት በጽናት ከተቃወሙት የስፖርት መሪዎች አንዱ ነበሩ። ከሁሉም በላይ ለረጅም ዓመታት በቅዱስ ጊዮርጊስ የተጫወቱ ሰው ስለነበሩ ተጫዋቾቹ የሚሰሟቸው በሹመታቸው ብቻ አልነበረም፤ ያዘዙትን ራሳቸው ሠርተውት ያውቁ ነበርና።

የኮሌጅ ሆኪው ንጽጽር

በበረዶ ሆኪ አንድ ተጫዋች በአንድ ዙር በሜዳው ላይ የሚቆየው ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ሲሆን፣ ቀሪውን ጊዜ በተቀያሪ ወንበር ላይ ያሳልፋል። ስለዚህ አመራሩ በአንድ ኮከብ ትከሻ ላይ ሊያርፍ አይችልም። በብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች አምበሉን ተጫዋቾቹ ራሳቸው በድምፅ ይመርጡታል፤ ረዳቶችም ይሾሙለታል።

የ1972ቱን የኦሎምፒክ ቡድን ያሠለጠነው ኸርብ ብሩክስ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲን ሦስት ጊዜ ለሀገር አቀፍ የኮሌጅ ሻምፒዮንነት ያበቃ ሰው ነበር። ከሃያዎቹ ተጫዋቾች ዘጠኙ የሚኒሶታ፣ አራቱ ደግሞ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ልጆች ነበሩ፤ በሁለቱ መካከልም የቆየ ቁርሾ ነበር። ብሩክስ ይህን ቁርሾ በምክር ለመሻር አልሞከረም። ራሱን የሁሉም የጋራ ባላንጣ አደረገ። ከኦሎምፒኩ በፊት ከኖርዌይ ጋር 3 ለ 3 በተለያዩበት ምሽት ተጫዋቾቹን ከጨዋታው በኋላ በዚያው በረዶ ላይ ደጋግሞ አስሮጣቸው። በሌክ ፕላሲድ ቡድኑ በሶቪየት ኅብረት 3 ለ 2 እየተመራ ወደ መጨረሻው ክፍለ ጊዜ ገብቶ 4 ለ 3 አሸነፈ፤ የማሸነፊያውን ግብ ያስቆጠረው አምበሉ ማይክ ኤሩዚዮኔ ነው። ከፊንላንድ ጋርም 2 ለ 1 ከተመሩ በኋላ 4 ለ 2 አሸንፈው ወርቁን ወሰዱ።

ውይይት

ሁለቱ ቡድኖች ተፎካካሪ ክለቦችን በማዋሐዳቸውና ከመመራት ተነሥተው በማሸነፋቸው ይመሳሰላሉ። የአንድነታቸው ምንጭ ግን ይለያያል። ብሩክስ በካሮን አከፋፈል ለጋራ ግብ መተሳሰርን በጫና ፈጠረ፤ ይህ መንገድ ለወራት ያገለግላል፣ ለዓመታት ግን ተጫዋቾችን ያደክማል። የ1954ቱ ቡድን ትስስር በፍትሕ ላይ የቆመ ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ተጫዋቹ ቦታው በሥራው እንጂ በዘሩ እንደማይወሰን ባየ መጠን ለቡድኑ ለመድከም ምክንያት ያገኛል።

ይህን መደምደሚያ የሚገድቡ ሁኔታዎች አሉ። ውድድሩ አራት ቡድኖች ብቻ የተካፈሉበት ነበር፤ ኢትዮጵያም በሜዳዋና በደጋፊዋ ፊት፣ በለመደችው ከፍታ ላይ ተጫውታለች። ስለዚህ ድሉን በባህል ብቻ ማስረዳት ስሕተት ይሆናል። ባህል የሚያስረዳው ቡድኑ ለምን አሸነፈ የሚለውን ሳይሆን፣ ሲመራ ለምን አልፈረሰም የሚለውን ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የቀጣይነት ነው። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ዋንጫውን አላነሣችም፤ ከ1974 ዓ.ም. በኋላም ወደ ውድድሩ የተመለሰችው በ2005 ዓ.ም. ነው። ለዚህ ብዙ ምክንያቶች ቢኖሩም አንዱ ሊጠና ይገባል፦ እሴቱ በአንድ ታላቅ ሰው አቋም ውስጥ ይኖር ነበር እንጂ የአምበል አመራረጥን፣ የቅሬታ አቀራረብንና የተተኪ አሰለጣጠንን በሚወስን ደንብ ውስጥ አልሰፈረም። የሰው ጽናት ቡድንን ያድናል፤ ትውልድን የሚያሻግረው ግን ሥርዓት ነው።

ማጠቃለያና የጥናት አቅጣጫ

ከንጽጽሩ ለዩኒቨርሲቲ ቡድኖቻችን የሚጠቅሙ ሁለት ሐሳቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ተማሪዎች ከልዩ ልዩ ክልሎች በሚሰባሰቡበት ተቋም የአምበሉ ምርጫ ግልጽ መስፈርትና የተጫዋቾች ድምፅ ሊኖረው ይገባል፤ ሜዳ ላይ የሚነሣ ጥርጣሬ ወደ መኝታ ክፍል ለመግባት ሩቅ አይደለምና። ሁለተኛ፣ የአሠልጣኙ ሚና መዘገብ አለበት፤ ካልተጻፈ ልምዱ ከሰውዬው ጋር ይሄዳል።

ለቀጣይ ጥናት ልደታ ምቹ ስፍራ ናት። ነባር ሰፈሮቿ በመልሶ ማልማት ፈርሰው በጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች በተተኩበት በዚህ አካባቢ የሰፈር ቡድን በምን ላይ ይቆማል? አብሮ ማደግ የሰጠው ትስስር ሲላላ ግብና ፍትሕ ሊተኩት ይችላሉ ወይ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጡት አምበሎቹ፣ አሠልጣኞቹና ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ልጆች ናቸው፤ አጥኚው ሊያናግራቸው የሚገባውም ዋንጫ ሲያነሡ ብቻ ሳይሆን ሲመሩም ጭምር ነው።