ርዝመቱ አስቀድሞ የተወሰነ ናኖ ሲሊንደር፦ በክሪስታል የሚመራ የፖሊመሮች ራስ-በራስ መዋቀር

የአንድ ናኖ ቅንጣት ቅርጽ በሕያው አካል ውስጥ የሚኖረውን ቆይታ በእጅጉ ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ከብሎክ ኮፖሊመር የተሠሩ ክር መሰል ሚሴሎች በአይጦች የደም ዝውውር ውስጥ እስከ አንድ ሳምንት ቆይተዋል፤ ይህም የሉላዊ አቻዎቻቸውን ቆይታ ዐሥር እጥፍ ያህል ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለውን ክር አስቀድሞ በተወሰነ ርዝመት መሥራት ለረጅም ጊዜ አዳጋች ሆኖ ቆይቷል። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት የችግሩ ምንጭና በክሪስታል አማካይነት የተገኘለት መፍትሔ ነው።

ብሎክ ኮፖሊመር ባሕርያቸው የተለያየ ሰንሰለቶች በኬሚካዊ ትስስር የተያያዙበት ሞለኪውል ነው። ከሰንሰለቶቹ አንዱን ብቻ በሚያሟማ ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ የማይሟማው ክፍል ተሰብስቦ እምብርት ይሆናል፤ የሚሟማውም በዙሪያው እንደ አክሊል ይዘረጋል። ከዚህ የሚወጣው ቅርጽ በአብዛኛው የሚገመተው ኢስራኤላችቪሊ፣ ሚቼልና ኒንሃም እ.ኤ.አ. በ1976 ለሳሙና መሰል ሞለኪውሎች ባቀረቡት የአደራደር መለኪያ ነው፤ እሴቱ ከ1/3 በታች ሲሆን ሉል፣ ከ1/3 እስከ 1/2 ሲሆን ሲሊንደር፣ ከዚያ በላይ እስከ 1 ሲሆን ደግሞ ድርብ ሽፋን ይጠበቃል። መለኪያው ስለ ገጽ ጉብጠት ይናገራል እንጂ ስለ ርዝመት አይናገርም። በሲሊንደሩ ወገብ ላይ የሚገባ ሞለኪውል የሚያገኘው የኃይል ጥቅም ሲሊንደሩ አጭርም ሆነ ረጅም አንድ ነው፤ ተጨማሪ ኃይል የሚጠይቁት ሁለቱ ጫፎች ብቻ ናቸው። በመሆኑም ሚዛኑን የጠበቀ ሥርዓት ለአንድ ርዝመት የተለየ ምርጫ የለውም፤ አጭሩና ረጅሙ ተደባልቆ ይገኛል።

ኢያን ማነርስ፣ ሚቸል ዊኒክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ያቀረቡት መፍትሔ ሚዛንን ከመጠበቅ ይልቅ ዕድገትን መምራት ነበር። የተጠቀሙበት የእምብርት ፖሊመር ፖሊፌሮሴኒልዳይሜቲልሳይሌን ሲሆን፣ በዋና ሰንሰለቱ ውስጥ ብረትና ሲሊከን ይዟል፤ ክሪስታልም ይሠራል። ክሪስታሉ ሰንሰለቶቹን አጥብቆ ስለሚይዝ ከሚሴል ወደ ሚሴል የሚደረገው ልውውጥ ይገታል፤ ሁለቱ ጫፎች ግን ለአዲስ ሰንሰለት ክፍት ሆነው ይቆያሉ። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ ረጃጅም ሲሊንደሮች በአልትራሳውንድ ተሰባብረው አጫጭር ዘሮች ይሆናሉ፤ ከዚያም በጥሩ አሟሚ ውስጥ ነጠላ ሆነው የሟሙ ሰንሰለቶች ይጨመራሉ። አዲስ ክሪስታል ከመጀመር ይልቅ በነባሩ ጫፍ ላይ መደርደር ስለሚቀላቸው ሁሉም ዘሮች በአንድነት ያድጋሉ።

ከዚህ የሚከተለው ስሌት እጅግ ቀላል ነው። የመጨረሻው ርዝመት የዘሩ ርዝመት በ(1 + የተጨመረው ክብደት ለዘሩ ክብደት ያለው ንጽጽር) ሲባዛ የሚገኘው ነው። ለምሳሌ 50 ናኖሜትር በሆኑ ዘሮች ላይ የክብደታቸው 9 እጥፍ ተመሳሳይ ፖሊመር ቢጨመር 500 ናኖሜትር ይደርሳሉ። የርዝመት ሥርጭቱን የሚያሳየው በክብደት የተወሰደ አማካይ ለቁጥራዊው አማካይ ያለው ንጽጽር ብዙ ጊዜ ከ1.1 አይበልጥም። ማይክል ሽዋርዝ እ.ኤ.አ. በ1956 የገለጸውን ሕያው ፖሊመራይዜሽን የሚያውቅ አንባቢ ያንኑ አመክንዮ በሚሴል መጠን ያገኘዋል፤ እዚያ ሞኖመር፣ እዚህ ሙሉ ሰንሰለት በንቁ ጫፍ ላይ ይጨመራል። እምብርቱ ተመሳሳይ፣ አክሊሉ ግን የተለየ ሁለተኛ ኮፖሊመር ሲከተል ክፍልፋይ ያለው ሲሊንደር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ብሎክ ኮፖሊመርና አክሊል አልባ አቻው ተደባልቀው አራት ማዕዘን ሰሌዳዎች ተሠርተዋል፤ መካከላቸው ተሟሞ ሲወጣም ባዶ ክፈፍ ቀርቷል።

ዘዴው ለሕክምና እንዲውል እምብርቱ በሰውነት ውስጥ የሚፈርስ ፖሊመር ሊሆን ይገባል። ፖሊላክታይድና ፖሊካፕሮላክቶን ሁለቱም ክሪስታል ስለሚሠሩ ዋነኞቹ ዕጩዎች ሆነዋል፤ በፖሊካፕሮላክቶን ርዝመታቸው የተወሰነ ሲሊንደሮችን በውኃ ውስጥ ማሳደግ ተችሏል። ይሁንና ርዝመቱ የሚታዘዘው አዲስ ክሪስታል በራሱ ካልተጀመረ ብቻ ነው። ሰንሰለቶቹ በብዛትና በአንድ ጊዜ ከተጨመሩ ያልተፈለጉ ዘሮች ይፈጠራሉ፤ ስሌቱም ይፈርሳል። ዕድገቱ በቀጭን ሙሙት ውስጥ የሚካሄደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለአንድ ግራም ምርት ብዙ ፈሳሽ ያስፈልጋል። ፖሊመሩን ማምረትንና ማሳደግን በአንድ ዕቃ ውስጥ የሚያጣምሩ ዘዴዎች የጠጣሩን ድርሻ ከ10 በመቶ በላይ አድርሰዋል። በዚያ ክምችት የሁለቱን ሂደቶች ፍጥነት ማጣጣም ግን ለእያንዳንዱ ፖሊመር እንደገና የሚሠራ ሥራ ነው።