ትምህርት ሁለት፦ ለወረርሽኝ ጊዜ የቤተሰብን ስንቅ ማዘጋጀት

የኮሮና ቫይረስ በሽታ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ሰሞን የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ የእጅ ማጽጃ አልኮል፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ለመግዛት ብዙ ሕዝብ ወደ መደብሮች ጎረፈ፤ ዋጋም ናረ። ራሱን ከበሽታ ለመጠበቅ የወጣ ሰው በሰልፍና በግፊያ መካከል ለበሽታው ተጋለጠ። ስለዚህ ስንቅ የሚዘጋጀው ወረርሽኙ ደጃፍ ሲደርስ ሳይሆን አስቀድሞ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው።

የዝግጅቱ ዓላማ

ከቤተሰቡ አንድ ሰው ቢታመም ወይም ቤተሰቡ ተለይቶ እንዲቆይ ቢታዘዝ፣ ለ14 ቀናት ወደ ገበያ ሳይወጡ ለመቆየት መቻል ነው። ከዚህ በላይ ማከማቸት ከሌላው ማዕድ መቀነስ ይሆናል።

1. ባለዎት ይጀምሩ

ከመግዛትዎ በፊት በቤት ያለውን ይቁጠሩ። አንድ ኪሎ ሽሮና አንድ ሊትር ዘይት ቤተሰብዎን ስንት ቀን እንደሚያቆይ ይመዝግቡ፤ የ14 ቀኑን መጠን ከዚህ ያሰላሉ። ገቢዎ የዕለት ከሆነ ስንቅ ለመግዛት አይበደሩ። በየገበያው ቀን ከወትሮው አንድ ጣሳ ምስር ወይም አንድ ሳሙና መጨመር በቂ ጅምር ነው።

2. ምግብ

ማቀዝቀዣ የማይፈልጉትን ያስቀድሙ፦ ሽሮ፣ ክክ፣ ምስር፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ። ድርቆሽ በሚገባ ካልደረቀ ይሻግታል፤ የሻገተውን አይመገቡ። ቀድሞ የተቀመጠውን ቀድመው ይጠቀሙ፤ በምትኩም አዲስ ያስገቡ።

3. ውሃ

ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ያስቡ። አምስት አባላት ላሉት ቤተሰብ ይህ በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ነው። ቧንቧ ለሚቋረጥባቸው አካባቢዎች ቢያንስ የሦስት ቀን ውሃ በተከደነና በታጠበ ጄሪካን ያኑሩ። ንጽሕናው የሚያጠራጥርን ውሃ ያፍሉ፤ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለ1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ስፍራዎች ደግሞ ለ3 ደቂቃ ይቆይ።

4. መድኃኒት

የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የአስም ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ፣ መድኃኒቱ ሳያልቅ ከጤና ተቋሙ ጋር ይነጋገሩ። የትኩሳት ማስታገሻና ለተቅማጥ የሚሰጠውን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይያዙ። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አያከማቹ፤ ቫይረስን አይገድሉም፤ ያለአግባብ ሲወሰዱም ተሕዋስያን መድኃኒቱን እንዲላመዱ ያደርጋሉ።

5. ንጽሕና

ሳሙና ከሁሉ ይቅደም፤ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ቫይረሱንም ያጠፋል። የቤት ዕቃና ወለል ለማጽዳት 5 በመቶ ክሎሪን ያለውን በረኪና፣ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ አድርገው በየዕለቱ ይበጥብጡ። በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ከሕፃናት ያርቁት፤ በመጠጥ ጠርሙስም አያስቀምጡት።

6. ጎረቤት

ብቻውን የሚኖር አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛ ወይም አራስ በአካባቢዎ ካለ፣ በሕመም ጊዜ ምግብና ውሃ ማን ደጃፍ ድረስ እንደሚያደርስላቸው ከዕድርዎ ጋር ከወዲሁ ይስማሙ። ያለ ረዳት የቀረ ሕመምተኛ ርቦት ወደ ገበያ መውጣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የእርስዎ ስንቅ ብቻውን ቤተሰብዎን አያድንም።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ዛሬ በቤታችን ያለው ምግብ ስንት ቀን ያቆየናል?
ለ. ከመካከላችን አንዱ ቢታመም የትኛው ክፍል ወይም ጥግ ይለይለታል? ማንስ ያስታምመዋል?
ሐ. ሁላችንም ብንታመም የሚደርስልን ማን ነው? ስልክ ቁጥሩስ የት ተጽፏል?

ለተጨማሪ መረጃ በነፃ የስልክ መስመር 8335 ይደውሉ።