የፈረስ ጉልበቱ ከኋላው ነው

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚሄደው መንገድ ኮሶዬ ሲደርስ በአንድ በኩል የወገራ ሜዳ፣ በሌላ በኩል ገደሉ ይታያል። እንዲህ ባለ አገር ፈረስ ትልቅ ሀብት ነው። ገበሬው ተቀምጦበት ወደ አምባ ጊዮርጊስ ወይም ወደ ዳባት ገበያ ይሄዳል። እህል ይጭንበታል። በሌሊት ሰው ቢታመም ሐኪም ዘንድ የሚያደርሰው እሱ ነው።

ይሁን እንጂ አንዳንዱ ፈረስ ገና በ10 ዓመቱ የፊት እግሩ ያነክሳል። ቁልቁለት ላይ ይደናቀፋል። ባለቤቱም «አረጀ» ይለዋል። አላረጀም እኮ! በደንብ የተያዘ ፈረስ እስከ 20 ዓመቱ ሊሠራ ይችላል። ጉዳቱ የመጣው ከአሸካከሙ ነው።

ፈረስ ዝም ብሎ ሲቆም ከክብደቱ ከ10 እጅ 6 እጅ ያህሉ የሚያርፈው በፊት እግሮቹ ላይ ነው። ራሱና አንገቱ ከፊት ስለሆኑ ነው። ሰው ሲቀመጥበት ደግሞ ኮርቻው ወደ ፊት እግሮቹ ቀረብ ስለሚል የፊቱ ሸክም ይብሳል። የሚገፋው ጉልበት ግን ያለው ከኋላ ነው፤ በታፋው፣ በዳሌውና በሽንጡ። እንግዲህ ፈረስን መግራት ማለት በአብዛኛው ይህን የኋላ ጉልበት ወደ ሆዱ ሥር እንዲያመጣው ማስተማር ነው።

አንዲት ሴት ውሃ የሞላ እንስራ ከመሬት ስታነሳ ተመልከቱ። እግሯን አርቃ፣ ወገቧን አጉብጣ አታነሳውም። ቀረብ ትላለች፣ ጉልበቷን ታጥፋለች፣ እግሯን ከሸክሙ ሥር ታደርጋለች። ከዚያ ብድግ! ፈረስም እንደዚሁ ነው። የኋላ እግሩን አርቆ ወደ ውስጥ ካስገባና ቋንጃውን ካጠፈ ጀርባው ቀና ይላል፤ የፊት እግሮቹም ይቀላቸዋል። ይህ የዛሬ ዕውቀት ብቻ አይደለም። ከ2400 ዓመት ገደማ በፊት የኖረ ዘኖፎን የተባለ የግሪክ ጦር አዛዥ ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ ስለዚህ ነገር ተናግሯል። ፈረሱ የኋላ እግሮቹን ከሥሩ እንዲያጥፍ፣ ዳገትና ቁልቁለትም እንዲለምድ ይመክራል።

የእናንተ ፈረስ በየትኛው እግሩ እንደሚሸከም ለማወቅ ዝናብ ካቆመ በኋላ ለስለስ ባለ መሬት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ በእርምጃ ንዱት። ከዚያ ወርዳችሁ ኮቴውን ተመልከቱ። የኋላ ኮቴው የፊት ኮቴው በረገጠበት ላይ ወይም ከዚያ አልፎ ካረፈ ደህና ነው። ሳይደርስ ከቀረ ግን ፈረሱ ኋላውን እየጎተተ፣ በፊት እግሮቹ እየተሸከመ ነው ማለት ነው። ግራና ቀኙንም አስተያዩ። አንዱ እግር ብቻ የሚያጥር ከሆነ ምናልባት የሚያመው ቦታ አለ። (ሰጋር በቅሎ አረጋገጧ ሌላ ስለሆነ በዚህ አትለኳት።)

ዱሮ ታላላቅ ሰዎች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። በ1847 ዓ.ም. እዚሁ ሰሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ» ይባሉ ነበር፤ ታጠቅ የፈረሳቸው ስም ነው። በአዊ አገርም በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አለ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል፤ ፈረሶች በዓድዋ ጦርነት የዋሉትን ውለታም ያስባል። የፈረስ ስም ይህን ያህል ይከበራል። የፈረስ አፍ ግን ብዙ ጊዜ አይከበርም።

በጥምቀት ወይም በሠርግ ጉግስ ሲጫወቱ አይታችኋል። ፈረሰኛው ሽምጥ ይጋልባል፣ ከሕዝቡ ፊት ሲደርስ ዛቡን በኃይል ይጎትታል። ፈረሱ አንገቱን ወደ ሰማይ ይሰቅላል፣ አፉን ይከፍታል፣ በኋላ እግሩ ቁጢጥ ያለ ይመስላል። እልልታው ይቀልጣል። ተመልካቹም «ይህ ነው የተገራ ፈረስ!» ይላል። አይደለም። የአገራችን ልጓም ብዙ ጊዜ ታችኛውን መንጋጋ የሚያቅፍ የብረት ቀለበት አለው፤ ሲጎተት ክፉኛ ያማል። ፈረሱ ራሱን የሚሰቅለው ከሕመሙ ሲሸሽ ነው። ራሱ ወደ ላይ ሲሰቀል ጀርባው ወደ ታች ይሰረጉዳል። ጀርባው ከተሰረጎደ ደግሞ የኋላ እግሩ ወደ ሆዱ ሥር መግባት አይችልም። ቁጢጥ ማለትና መሸከም የተለያዩ ናቸው። ጉግስ ይቅር ለማለት አይደለም፤ የሚያምር የአባቶች ጨዋታ ነው። ነገር ግን ጥሩ ፈረሰኛ የሚታወቀው ዛቡን በሁለት ጣት ይዞ ፈረሱን ሲያቆም ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ፈረሱ 4 ዓመት ሳይሞላው አትቀመጡበት። የጀርባው አጥንት ጠንክሮ የሚጨርሰው ከ5 ዓመት በኋላ ነውና ከዚያም በፊት ከባድ ነገር አትጫኑበት።

ትምህርቱ የሚጀመረው በእግር ሆኖ፣ በልባብ ነው፤ ልጓም አያስፈልግም። ከፈረሱ ጎን ቁሙ። እርካብ ከሚያርፍበት ትንሽ ወደ ኋላ ያለውን ጎኑን በጣታችሁ ነካ አድርጉት። በእናንተ በኩል ያለውን የኋላ እግር ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ በሌላኛው ፊት አሻግሮ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ሲል ወዲያው እጃችሁን አንሱ። አንገቱን አሹት። ፈረስ የሚማረው ከመነካቱ ሳይሆን መነካቱ ሲቀርለት ነው። ይህን ያልገባው ሰው ቀኑን ሙሉ ሲኮለኩል ይውላል፤ ፈረሱም ጎኑ ይደነዝዛል። በሁለቱም ጎን፣ በየቀኑ ጥቂት ጊዜ ብቻ አድርጉት።

ከዚያ ተቀመጡበት። ከዳር እስከ ዳር 20 እርምጃ በሚሆን ሰፊ ክብ ላይ በእርምጃ ንዱት። ክብ ሲዞር ወደ ውስጥ በኩል ያለው የኋላ እግሩ የግድ ወደ ሆዱ ሥር ይገባል። ክቡ እንደ አውድማ ጠባብ ከሆነ ግን ቋንጃውንና ጉልበቱን ይጎዳዋል። በግራ የዞረውን ያህል በቀኝም ይዙር። ቀጥሎ 10 እርምጃ ሂዱ፣ ቁሙ፤ እንደገና 10 እርምጃ ሂዱ፣ ቁሙ። ለማቆም ስትፈልጉ አስቀድማችሁ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ በአፍ «ቁም» በሉት፣ ዛቡን የምትይዙት ከሁሉ በኋላ ነው። ሲቆም ልቀቁለት። ይህን ሲለምድ ከእርምጃ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ እርምጃ አሸጋግሩት። ቀስ ብሎ ወደ ታች መሸጋገሩ ነው ታፋውን የሚያጠነክረው። ደንገላሳና ሽምጥ ይቆዩ፤ ምንም አያመልጡም።

ዳገትን በተመለከተ የኮሶዬ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ሌላው አስተማሪ ፍለጋ ይሄዳል፣ እዚህ ከደጃፍ አለ። ለዘብ ያለ ዳገት ምረጡ። ዛቡን አላልታችሁ፣ ጋማውን ያዝ አድርጋችሁ፣ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል በሉና በእርምጃ ውጡ። ሩጫ አይሁን። የሚሮጥ ፈረስ እየዘለለ ይወጣል እንጂ አይገፋም። ሲወርድ ደግሞ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። አንዳንዱ ሰው ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ ይጋደማል፤ ያን ጊዜ ሸክሙ በሽንጡ ላይ ይወድቃል፣ የኋላ እግሩም ይታሰራል። ራሱን ልቀቁለት፤ መንገዱን ያያል፣ ሚዛኑንም ይጠብቃል። በየጥቂት እርምጃው ቆም ይበል። እንደ ሊማሊሞ ባለ ገደላማ ቁልቁለት ላይ ግን ውረዱና ሳቡት።

ስለ ሸክም አንድ ነገር መነገር አለበት። የሚቀመጠው ሰውና ኮርቻው አንድ ላይ ከፈረሱ ክብደት ከ5 እጅ 1 እጅ እንዳይበልጡ ባለሙያዎች ይመክራሉ። ለ300 ኪሎ ፈረስ ይህ 60 ኪሎ ነው። የደጋ ፈረሶቻችን ደግሞ ትንንሾች ናቸው፤ ብዙዎቹ 300 ኪሎ አይሞሉም። ስለዚህ አንድ ጎልማሳ ከነኮርቻው ከልኩ ያልፋል። ታዲያ ፈረስ አንቀመጥ ማለት ነው? አይደለም። ረጅም መንገድ ላይ እየወረዳችሁ በእግር ተጓዙ፤ ለእናንተም እግር ማፍታቻ ነው። ሰው ማፈናጠጥ ግን ይቅር። የሚፈናጠጠው ሰው የሚቀመጠው የጎን አጥንት በማይደግፈው ሽንጥ ላይ፣ ጉልበቱ ከሚወጣበት ቦታ ላይ ነው። ደባርቅ ላይ ፈረስና በቅሎ የሚያከራዩ ሰዎችም ይህን ቢያስቡበት ለራሳቸው ገቢ ይበጃቸዋል።

ከመጫናችሁ በፊት እጃችሁን ከኮርቻው ሥር አስገቡ። እንጨቱ የጀርባውን መሐል አጥንት መንካት የለበትም፤ በላዩ ብርሃን የሚያሳይ ክፍተት ይኑር። ወዴላው ከጠበቀ ጅራቱን ሥር ይልጠዋል፤ ጅራቱ የተላጠ ፈረስ ደግሞ ዳሌውን አጥብቆ ይይዛል እንጂ አያላላም። ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን። በሜዳ ስታሰማሩት እግሩን በሻካራ ገመድ የምታስሩ ከሆነ ቁስሉን በየቀኑ እዩ።

ትምህርቱ በአንድ ጊዜ ከ20 ደቂቃ አይለፍ፤ በሳምንት 3 ወይም 4 ቀን ይበቃል። ሣር ብቻ የሚበላ ከሲታ ፈረስ ጡንቻ አያወጣም፤ ትንሽ ገብስ ወይም ባቄላ ጨምሩለት። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሆን ታፋው ሞላ ይላል፣ በዳገት ላይ ትንፋሹ ይረጋል። ያኔ እንደገና ለስለስ ያለ መሬት ላይ ነድታችሁ ኮቴውን ለኩ። የኋላው አሁንም ከፊተኛው የማይደርስ ከሆነ ወይም ፈረሱ ሲጫን ጆሮውን የሚጥል፣ ሊነክስ የሚዞር፣ ጅራቱን የሚወዛውዝ ከሆነ አትምቱት። ጀርባውን ከትከሻው እስከ ዳሌው በመዳፋችሁ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ፈትሹ። የሚሸሽበት ቦታ ካለ ኮርቻውን አውርዱና የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።